ሻንጣውን ጠብቅ ያልኩህ ቀን

ውድ ወንድሜ ደረስኩ፣

ከቤት ሳትወጣ «ደረስኩ፣ ደረስኩ» ስለምትል አባዬ ያወጣልህ ስም ነው። በዋናው ስምህ የምጠራህ ስቆጣህ ብቻ ነበር። ዛሬ የመቆጣት ተራው ያንተ ስለሆነ በቤት ስምህ ልጀምር።

ይህን የምታነበው እማዬ አጠገብህ ተቀምጣ ነው። እንደዚያ እንዲሆን የፈለገችው ራሷ ናት። ደብዳቤው ምን እንደያዘ ታውቃለች፤ ትናንት ከሰዓት በኋላ ወደ አንተ ይዛው የምትመጣውን ልብስ ስናጣጥፍ ነገርኳት። ላንተ ሳልናገር ለእሷ መናገሬ ልክ ይሁን አይሁን እንጃ፤ አንዴ አፌን ከከፈትኩ በኋላ ግን ማቆም አልቻልኩም።

ባለፈው ሳምንት ስለ ትኬቷ ስትደውልልኝ ያልከኝን ታስታውሳለህ? ቢሮ ነበርኩ፤ ፊት ለፊቴ ባልና ሚስት ደንበኞች ተቀምጠዋል። «እትዬ፣ አደራ፣ በሁለቱ በረራ መሀል ሰፋ ያለ ሰዓት ስጫት። መድኃኒቷንም ከሐኪም ወረቀት ጋር በእጇ ትያዝ። ሰው ከእኔ ይማር እንጂ፤ አባዬን የገደልኩት እኮ እኔ ነኝ» አልክና ሳቅ አልክ። «እሺ» ብዬ ዘጋሁት። ሴትየዋ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ጉንፋን ነው አልኳት።

እንደዚህ እያሰብክ መኖርህን አላውቅም ነበር ብልህ ውሸት ነው። አውቅ ነበር። በቀብሩ ማግስት ግቢው ውስጥ ቆመህ «ወረቀቱን አስጽፌ ቢሆን ኖሮ፣ በእጄ ይዤው ቢሆን ኖሮ» ስትል ሰምቼሃለሁ። ትከሻህን ይዤ «ተው እንጂ» አልኩህ። ከዚያ በላይ አላልኩም።

ሥራዬን ታውቃለህ። ትኬት መቁረጥ ከጀመርኩ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ከውጭ ገብቶ በትንሹ አውሮፕላን ወደዚህ ከተማ ለሚቀጥል መንገደኛ መሀል ላይ ሦስት ሰዓት ሳልሰጠው አላሳፍርም። ኢሚግሬሽን መሰለፍ አለ፤ ሻንጣ መጠበቅ አለ፤ በጉምሩክ ማለፍ አለ፤ ከዚያ ያንኑ ሻንጣ እየጎተቱ ወደ ሌላው ሕንፃ ሄዶ እንደገና ማስረከብ አለ። ኮምፒውተሩ አንድ ሰዓት ተኩል ይበቃል ይላል። ኮምፒውተሩ ግን ተሰልፎ አያውቅም። ባልደረቦቼ «ወይዘሮ ሦስት ሰዓት» የሚሉኝ በዚህ ነው።

ላንተ ግን የዚያን ጊዜ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሰጠሁህ። አባዬ ሆስፒታል ከተኛ ዘጠነኛ ቀኑ ነበር፤ እዚህ ያጣነውን መድኃኒት አንተ እዚያ ውጭ አገር አግኝተኸዋል። «ቀጣዩ በረራ በማግስቱ ጠዋት ነው፤ ይቺኑ ስጪኝ እትዬ፣ እሮጣለሁ» አልከኝ። «አንተ? ለገዛ ሠርግህ ያረፈድክ ሰው ልትሮጥ!» አልኩህና ተሳሳቅን። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ልልህ ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጥ አድርጌው ቆረጥኩልህ። ይህንን ጥፋቴን አንተም ታውቀዋለህ፤ ይቅርም ብለኸኛል። የማታውቀው ሌላው ነው።

በዚያን ቀን ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ አንተ ገና አየር ላይ እያለህ፣ ዶክተሯ እኔንና አጎታችንን ወደ ኮሪደሩ ጠራችን። እያወራች እስክርቢቶዋን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ኩላሊቱ ሥራ አቁሟል። ያ የምትጠብቁት መድኃኒት ከእንግዲህ አይረዳውም» አለችን። «ሊያየው የሚፈልግ ሰው ካለ ዛሬውኑ ይምጣ።»

አጎታችን ኮፍያቸውን አውልቀው ግድግዳውን ተደገፉ። ዶክተሯ ስትሄድ ወደ እኔ ዞሩ።

«ልጄ፣ ለወንድምሽ ትንፍሽ እንዳትዪ። መንገድ ላይ ላለ ሰው እንዲህ ያለ ነገር አይነገርም። ይድረስና በዓይኑ ይየው። ለእናትሽም ቢሆን ቆይ፣ አብረን እንነግራታለን።»

«እሺ ጋሼ» አልኩ።

በእሳቸው ላላክክ አይደለም የምጽፍልህ። እሺ ማለቱ ቀለለኝ። በአፌ ካላወጣሁት ያልሆነ ነገር ይመስለኝ ነበር።

ለአምስት ሰዓት አምስት ጉዳይ ሲል ደወልክ። አውሮፕላንህ ሃያ ደቂቃ ዘግይቶ ነበር ያረፈው። ከኋላህ የጋሪ ጩኸትና የሚያለቅስ ሕፃን ይሰማኛል። ትንፋሽህ ቁርጥ ቁርጥ ይላል።

«እትዬ፣ ኢሚግሬሽኑን ጨረስኩ። ሻንጣዬ ግን የለም፤ ማሽኑ ባዶውን ይዞራል። የዚያኛው በረራ መመዝገቢያ አምስት ሰዓት ከሩብ ላይ ይዘጋል አሉኝ። ሃያ ደቂቃ ነው ያለኝ። ሻንጣውን ጥለህ ሂድ፣ ሲገኝ እንልክልሃለን ይላሉ። መድኃኒቱ ደግሞ እሱ ውስጥ ነው። ያለ ወረቀት በእጅህ አታስገባም ብለውኝ ነው ሻንጣ ውስጥ የከተትኩት። ምን ላድርግ?»

ምን ላድርግ አልከኝ። ከልጅነትህ ጀምሮ አድርግ ያልኩህን አድርገህ የማታውቀው ሰውዬ ያን ቀን ጠየቅከኝ። መልሱን እንደ እኔ የሚያውቅ ደግሞ በከተማው አልነበረም። ሻንጣ ያልያዘ ሰው ጉምሩክን በሁለት ደቂቃ ያልፋል። ከዚያ እስከ ሌላው ሕንፃ በፈጣን እርምጃ ስምንት ደቂቃ ነው። ትደርስ ነበር። ተርፎህ ውሃም ትገዛ ነበር።

አጎታችን ፊት ለፊቴ ቆመው «እንዳትነግሪው» በሚል ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። «ተወውና ና» ብልህ «መድኃኒቱስ?» እንደምትለኝ አወቅሁ። ለዚያ ጥያቄ ያለኝ መልስ ደግሞ አንድ ብቻ ነው።

«ጠብቀው» አልኩህ።

«እርግጠኛ ነሽ?»

«ጠብቀው። መድኃኒቱን ይዘህ ና።»

«እሺ እትዬ» ብለህ ዘጋህ። እርግጠኛ ስለመሰልኩህ ድምፅህ ረጋ ብሎ ነበር። አንጀቴን የበላኝ ያ መርጋትህ ነው።

ወደ ክፍሉ ስገባ አባዬ ነቅቷል። እማዬ ንጹሕ አንሶላ ልታመጣ ቤት ሄዳ ነበር፤ ሁለታችን ብቻ ነን። ስልክ ላይ ማን እንደነበር ጠየቀኝ። «ደረስኩ ነው» አልኩት። «እውነት ደረሰ?» አለና ፈገግ አለ፤ በዚያ ሁሉ ስቃይ መሀል ቀልዱን አልረሳትም። «አገር ገብቷል፤ ሻንጣ እየጠበቀ ነው» አልኩት። ከዚያ ያለኝን ነገር እመለስበታለሁ።

ብቻ ስልኬን ይዤ እንደገና ኮሪደሩ ላይ ወጣሁ። ልደውልልህ ነው የወጣሁት። ከግድግዳው ሰዓት ሥር ቆምኩ፤ ለአምስት ሁለት ጉዳይ ይላል። ስምህን አወጣሁና ጣቴን አዘጋጀሁ። ምን ብዬ ልጀምርለት? «አባዬ...» ብዬ ለራሴ ሞከርኩት፤ ከዚያ ወዲያ አልሄድ አለኝ። አምስት ሰዓት ሆነ። ጽዳቷ መወልወያዋን እየገፋች መጥታ «እግርሽን አንሺ እህቴ» አለችኝ። አነሳሁላት። አጎታችን ወንበር ላይ ተቀምጠው በከንፈራቸው ይጸልያሉ። አምስት ከአምስት። አሁንም ሻንጣውን ጥሎ ቢነሳ ይደርሳል እላለሁ፤ ደቂቃዋን እየቆጠርኩ እዚያው ተገትሬአለሁ። እግሬ ሥር እሳት የተነጠፈ ይመስል አንዱን አነሳለሁ፣ ሌላውን አሳርፋለሁ። ጣቴ ግን አልታዘዝ አለ።

አምስት ሰዓት ከዘጠኝ ላይ ደወልኩ። ስልክህ ዝግ ነበር።

የሆነውን በኋላ ከአንተው ሰማሁ። ሻንጣው በመጨረሻ መጥቶ ጉምሩክ ገብተሃል፤ እዚያ ስልክ ዝጉ ይላሉ። የመድኃኒቱን ሦስት ብልቃጥ አይተው ወረቀቱን ጠየቁህ፣ አለቃ አስጠሩ። «ሰውዬው ክፉ አልነበረም፣ ሥራውን ነው የሠራው» ብለኸኛል። ስትወጣ አምስት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ትንሹ አውሮፕላን በሰዓቱ ነው እዚህ የገባው። ሄጄ ጠይቄአለሁ። ከማረፊያው እስከ ሆስፒታሉ ያለውንም መንገድ ሰዓት ይዤ በታክሲ ተጉዤበታለሁ፤ ሰው ቢያየኝ አበደች ይለኝ ነበር። ሰባት ከሩብ ላይ ከአልጋው አጠገብ ትሆን ነበር። አባዬ ያረፈው ስምንት ከአርባ ነው። አንድ ሰዓት ከሃያ አምስት ደቂቃ ነው የወሰድኩብህ።

በማግስቱ ጠዋት ብልቃጦቹን በፎጣ ጠቅልለህ ደረትህ ላይ ይዘህ መጣህ። ዶክተሯን ስታገኛት «ዘገየሁባችሁ፣ ይቅርታ» አልካት። እሷ ወደ እኔ አየች። እኔ ወለሉን አየሁ። ያኔ መናገር ነበረብኝ። ሐዘን ላይ ነው፣ ቆይ አልኩ። ተመልሰህ ስትሄድ በስልክ አይሆንም አልኩ። ቆይቶ ደግሞ ነገሩ ያረጀ መሰለኝ። ሆድ ይፍጀው ብዬ ያዝኩት፤ ለካ ሲፈጅ የኖረው ያንተን ሆድ ነው።

ስለዚህ ስማኝ፣ ወንድሜ። ወረቀቱን ብታስጽፍም፣ በእጅህ ብትይዘውም፣ ከነብልቃጦቹ ብትደርስም መድኃኒቱ አባዬን አያድነውም ነበር። ይህን አንተ ገና ሳታርፍ አውቄአለሁ። አንተ አልገደልከውም። ሳትሰናበተው እንድትቀር ያደረግሁህ እኔ ነኝ።

ለእማዬ ስነግራት አንዷን ሻርፕ ሦስት ጊዜ አጣጠፈቻት፣ ዘረጋቻት። «እኔንም ደብቀሽኝ ነበር?» አለችኝ። አዎ አልኳት። ሻርፗን ወደ ጎን አድርጋ «ጻፊለት፤ አደርስልሻለሁ» አለች። «በአፌ ግን አልነግርልሽም። ሸክሙ ያንቺ ነው።» ማታ እራት አቀረበችልኝ፤ አብራኝ ግን አልበላችም።

ለእሷ አንተ ያለህበት አገር መግቢያ ላይ አራት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሰጥቻታለሁ። «ምን ልሠራ ነው ያን ያህል የምጎለተው?» ብላ ተነጫንጫለች። ትነጫነጭ። መድኃኒቷ ከነወረቀቱ በእጅ ቦርሳዋ ነው። ይህንንም ደብዳቤ እዚያው ነው ያስቀመጥኩት፤ ሻንጣ ውስጥ አልከተትኩትም።

ልትቆጣኝ ትችላለህ። ስልኬን ላታነሳም ትችላለህ፤ እኔ መደወሌን አልተውም። እንድትምረኝ አልለምንህም፤ ይህን ለመለመን ገና አልደፈርኩም።

አሁን የዘለልኩትን ልጻፈው። ሻንጣ እየጠበቅህ እንደሆነ ስነግረው አባዬ ዓይኑን ጨፈነ። እንቅልፍ የወሰደው መስሎኝ ብርድ ልብሱን ሳብ አደረግሁለት። እጄን ያዘኝ። «ሻንጣ ምን ያደርግልኛል? ደውዪለት» አለኝ።

መልእክቱን ሦስት ዓመት ይዤብህ ቆየሁ። እነሆ አድርሻለሁ፦ «ተወውና ና በይው» ብሎሃል።

እህትህ