በእማዬ መስኮት ላይ የሰቀልኩት ሰሌን

ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ እህቴ ለእትዬ ለምለም፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ? ጋሽ ሊካሳስ እንዴት ናቸው? ሲፋንን ጉንፋኑ ለቀቃት? የጎሬ ዝናብ ዘንድሮም ቀድሞ ገባ ወይስ ታገሣችሁ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን በጤና አለን። ልጄ ጦቢያ ደህና ናት፣ እማዬም ደህና ናት። ደህና ናት ስልሽ ግን ዓይኗን ማለቴ ነው። የቀረውን አንብበሽ አንቺው ፍረጂ፤ እኔ እንደሆነ ግራ ገብቶኛል።

የቀኝ ዓይኗ ሞራ በደህና ወጥቶላታል። የግራው ለሰኔ 11 ተቀጥሯል። እስከዚያው ኃይለኛ ብርሃን እንዳያገኛት ተባልን። እንደምታውቂው ካዛንቺስ ያለችው ቤታችን የእንግዳ ክፍሏ መስኮት ፊቱ ወደ ምዕራብ ነው፤ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ገብታ የእማዬ አልጋ ላይ ትተኛለች። ስለዚህ የመስኮት መከለያ ፍለጋ ወጣሁ።

መከለያ መግዛት ቀላል ይመስልሽ ይሆናል። ጦቢያ ግን በትምህርት ቤቷ የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ኃላፊ ከሆነች ወዲህ ወደ ቤታችን የሚገባ ዕቃ ሁሉ ፈተና ይቀመጣል። ሜክሲኮ አንድ የፕላስቲክ መከለያ አገኘሁ፤ ገመዱን ሲስቡት ይጠቀለላል፣ ደስ ይላል። ፀሐይ ሲመታው ይሸታል፣ ሲጣልም አይበሰብስም ብላ ከለከለችኝ። ወሎ ሰፈር የቀርከሃ አየሁ፤ ቀርከሃውስ ጥሩ ነው፣ የተቀባው ቫርኒሽ ግን ለታመመ ዓይን አይሆንም አለች። እንግዲያው አቡጀዲ ይሁን ብላት ብርሃን ያሳልፋል አለችኝ። እኛ ይህን ስንጨቃጨቅ እማዬ ዓይኗ እንደተሸፈነ፣ ምን አስቸገራችሁ፣ ነጠላዬን ስቀሉበት ትለናለች። በመጨረሻ ዞሬ ዞሬ አንድ ሰሌን ይዤ መጣሁ። የዘንባባ ቅጠል ነው፤ ቀለም የለው፣ መጥፎ ሽታ የለው፣ ያገር ሰው የእጅ ሥራ። ጦቢያ በደስታ ልትዘል ምንም አልቀራት። ላይና ታች እንጨት አግብቼ፣ በሲባጎ አስሬ ሰቀልኩት። እውነቴን ነው፣ አምሮ ነበር።

ማክሰኞ የዓይኗ መሸፈኛ ተነሣ። መጀመሪያ የእኔን ፊት አይታ ከሳህ አለችኝ። ቀጥላ መስኮቱን አየች። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ እማዬ ሌላ ሰው ሆነች። ምግብ ሲቀርብላት ትቀምሳለች እንጂ አትበላም። ሰሌኑን ማን ገዛው ብላ ጠየቀችኝ፤ ደረቴን ነፍቼ እኔ ነኝ ስላት ተባረክ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። ሐኪሙ ምን እንዳለኝ ሦስት ጊዜ ጠየቀችኝ። በማግስቱ ወደ ቤቴ፣ መንዝ ውሰደኝ አለች። የግራው ዓይንስ ብላት፣ አንዱ ይበቃኛል፣ ለስንት ቀን ብዬ አለችኝ። ተጋጭተው ይሆናል ብዬ ጦቢያን ተቆጣኋት፤ እሷም አኮረፈች። ሰሌኑ አጨልሞባት እንደሆነ ብዬ ደግሞ እግሯ ሥር ተቀምጬ፣ እማዬ፣ ይህን ካልወደድሽው አቡጀዲ ልግዛልሽ አልኳት። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አድርጋ አለቀሰች። የምይዘው የምጨብጠው ጠፋኝ።

ቅዳሜ ጎረቤታችን የእድሩ ዳኛ አቶ ወልደአረጋይ ሊጠይቋት መጡ። ከክፍሉ በር ላይ ሲደርሱ ባርኔጣቸውን አወለቁና፣ ምነው ታዲዎስ፣ እድሩ ሳይሰማ አሉኝ በሹክሹክታ። ምኑን ብላቸው በአገጫቸው መስኮቱን አሳዩኝ። ሰሌን እኮ የሬሳ መጠቅለያ ነው እትዬ! አባባ ሲያርፍ አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፤ እኔ በሰባት ዓመቴ እዚህ አጎታችን ዘንድ መጥቻለሁ፣ ያየሁት ቀብር ሁሉ በሣጥን ነው። ሰሌንን የማውቀው እህል ሲሰጣበት ነው። አቡጀዲውም ለከፈን እንደሚገዛ ሲነግሩኝ ክው አልኩ። ለገዛ እናቴ ሰሌን ሰቅዬ፣ ከፈን ልግዛልሽ ብያታለሁ!

ሮጬ ጉልበቷን ሳምኩ። ስለ ፀሐዩም፣ ስለ ፕላስቲኩም፣ ስለ ክበቡም አንድ በአንድ ነገርኳት። ፀጉሬን እየዳበሰች ሰማችኝና፣ ሐኪሙ ያለውን በአፋችሁ መናገር ጨንቋችሁ በሰሌን አስታወቃችሁኝ ብዬ ነው አለች። ዝም ያለችን አኩርፋ ሳይሆን እኛን እንዳይከፋን ብላ ነበር። መንዝ ውሰደኝ ያለችውም፣ «ሬሳዬን ጭነህ ያን ሁሉ መንገድ ከምትንገላታ በእግሬ ልግባልህ ብዬ ነው» አለችኝ። እትዬ፣ እንደ ሕፃን አለቀስኩ።

አሁን ሰሌኑ ወርዶ መስኮቱ ላይ ጋዜጣ ለጥፈናል። ስለ ጋዜጣው ቀለም ጦቢያ አንድም ቃል አልተነፈሰችም። እማዬ ግን እንዳመነችኝ አላውቅም። እሺ ትላለች፤ እሺታዋ እኔን ለማባበል ይመስለኛል። ሰሌኑን ልመልሰው ስል፣ ተወው፣ ጥሩ ሰሌን ነው ብላ አልጋዋ ሥር አስገብታዋለች። ይህ ይቅርታ ነው ወይስ ስንብት? መለየት አቅቶኛል። ለግራው ዓይኗም ገና ልቧ አልቆረጠም፤ ይህ ቀጠሮ ካለፈ ደግሞ ዳግመኛ ከመንዝ አትመጣም።

ስለዚህ ይህ ደብዳቤ እንደደረሰሽ ለራሷ ጻፊላት። ሐኪሙ ያለኝ፣ ሳልጨምር ሳልቀንስ፣ ይህ ነው፤ ቀኙ ድኗል፣ ግራውም ይድናል፣ ሌላ በሽታ የለባትም። ፊደሉን አግዝፈሽ ጻፊው። በመሠረተ ትምህርት የቆጠረችውን አልረሳችም፤ በዳነው ዓይኗ ራሷ ታንብበው። እኔ ባነብላት አታምነኝም፤ ሰሌን የገዛሁላት ልጅ ነኝና።

ጋሽ ሊካሳን አክብሬ እጅ ነሥቻለሁ። ሲፋንን አያትሽ ሁለቱን ጉንጮችሽን ስማለች በያት። ጦቢያ በብዙ ናፍቆት ሰላም ትልሻለች።

ወንድምሽ ታዲዎስ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ግንቦት 20 ቀን 1993 ዓ.ም.