ለሁለት ድራይቨር ስለተዳረችው አንዲት ማተሚያ

ስማቸውን ለክብራቸው ስል ለማልጠቅሰው የልደት ምዝገባ ጽሕፈት ቤት ኃላፊ፣
ጎንደር

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? እኔ ከአምባ ጊዮርጊስ ጎንደር አራት ጊዜ በአውቶቡስ ከመመላለሴ በቀር፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ። ልጄ ሄለን ለነርስነት ትምህርት ተመርጣ፣ ዓርብ ምዝገባው ሳይዘጋ የልደት ምስክር ወረቀቷን ማቅረብ አለባት። ወረቀቱን የምታትመው ማሽን ደግሞ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ተሻሚ በዝቶባታል።

፩. ኮምፒውተሩንና ማተሚያዋን የሚያግባባው፣ ድራይቨር የሚሉት ፕሮግራም አንድ ይበቃ ነበር። ባለሙያዎ አቶ ሰጠኝ አንድ ጫኑ፤ ባልደረባቸው አቶ አስናቀው ሌላ ደረቡበት። ኮምፒውተሩ በተከፈተ ቁጥር ቀድሞ የነቃው ማተሚያዋን ይይዛል፤ ከያዘም አይለቅም። ሰኞ የአቶ ሰጠኝ ቀድሞ፣ የልጄ ስም በሙሉ ባዶ ሳጥን ሆኖ ወጣ። ረቡዕ የአቶ አስናቀው ቀድሞ ግማሽ ገጽ እንዳተመ፣ የአቶ ሰጠኝ ጣልቃ ገብቶበት ቆመ። የአባት ስም ያለበት ግማሽ ስላልወጣ፣ ሄለን በመንግሥት ወረቀት አባት የላትም፤ ባለቤቴ የትነበርሽ ይህን ሰምታ ሳቋን እስካሁን አላቆመችም።

፪. አንዱ ይጥፋልኝ ብዬ ብለምን፣ አቶ ሰጠኝ «የባልደረባን የእጅ ሥራ መደምሰስ ነውር ነው» አሉኝ። አቶ አስናቀውም «አያ ሰጠኝ ታላቄ ናቸው፣ እንዴት በእኔ እጅ ይሰረዝባቸዋል?» አሉ። እንዴት ያለ ሸጋ ይሉኝታ ነው! ይሉኝታው የእነሱ፣ መንከራተቱ የእኔ።

፫. ጉዳዩ ለክቡርነትዎ ሲቀርብ፣ «ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ብለው ሸኙኝ። ስለ ምክርዎ አመሰግናለሁ፤ ተንጠልጥያለሁም። መዝጋቢዋ ወይዘሮ አባይነሽ እንዳስረዱኝ ግን፣ ኮምፒውተሩ ውስጥ አንዱም ሳይሰረዝ የትኛው ብቻውን ይሥራ ብሎ መምረጫ ቦታ አለ፤ የጎደለው የእርስዎ አንድ ቃል ብቻ ነው። ቢመርጡ ማንም ከእንጀራው አይፈናቀልም። ባይመርጡ ልጄ ከትምህርቱ ትቀራለች።

ለማንም ባለማድላትዎ እየተደነቅሁ፣ እጅ ነስቼ ደጅዎን የምጠና፣
ፋንታሁን ቢያዝን፣ ከአምባ ጊዮርጊስ

የተረሳ ነገር፦ ይህን ደብዳቤ ከበርዎ ልለጥፍ ስመጣ፣ ሁለቱን እንዲያስማሙ የጠሯቸው ሦስተኛ ባለሙያ ማንንም ላለማስቀየም የራሳቸውን ድራይቨር ጨምረው መሄዳቸውን ሰማሁ። ዓርብም አለፈ፤ የሄለን ምዝገባ ተዘጋ። እንግዲህ ክቡርነትዎ አይቸኩሉ።