የእማማ ጥሩ እንጉርጉሮ

ጥቅምት 11፣ ከ/ሰዓት፣ ፍኖተ ሰላም

ጥጥ ገዝቼ ገባሁ። ከቡሬ ወጣ ብላ ባለችው ቀበሌ ያሉት ሴቶቼ ያለፈውን ፈትለው ጨርሰውታል። እየፈተሉ ያንጎራጉራሉ፤ ሥራችን ይኸው ነው። የገጠር ሴቶችን ጭንቀት በኪነ ጥበብ ማቅለል ብዬ ጽፌ ድጋፍ ያገኘሁበት። የሰማ ሁሉ ይስቃል። ይሳቅ!

ከአዲስ አበባ የረጂው ድርጅት ልጅ ደወለ። ቪዲዮ ካልላክሽ የሚቀጥለው ዙር ድጋፍ የለም አለ። ፊታቸውም ድምፃቸውም ይኑርበት አለ። ምን ችግር አለው አልኩት። ሴቶቹን እንኳ ሳልጠይቅ። ምነው አፌን በቆረጠው!

ጥቅምት 14፣ ቡሬ፣ ከምሽቱ 12 ሰዓት

ደብተሬ፣ ጉድ ልንገርሽ።

እማማ ጥሩ ዛሬ አንጎራጎሩ። ልጃቸው ከሄደ ወዲህ እንዝርት ከማሾር በቀር ቃል የማይወጣቸው ሴት! ወጉን ታውቂዋለሽ፦ አንዷ የምትናፍቀውን ሰው በስሙ ትጠራለች፣ ሌሎቹ ተቀብለው ስሙን ይደግሙላታል፣ ብቻዋን እንዳትሸከመው። እሳቸውም ልጃቸውን ከነአባቱ ስም ጠሩት። ጫካ መግባቱን፣ የትኛው ጫካ እንደሆነ ጭምር ተናገሩ። ሴቶቹ በሙሉ ተቀበሏቸው። እኔ ጅሏ ስልኬን ደግኜ እቀርጻለሁ።

ሲጨርሱ ቆሎ አምጡልኝ አሉ። እህል አስጠልቷቸው የከረሙት ሴት ቆረጠሙ። በደስታ አለቀስኩ።

ፍርሃቱ የመጣው መናኸሪያ ስደርስ ነው። መኪና የለም፤ መንገድ ተዘግቷል። ኬላ ላይ ስልክ እያስከፈቱ ያያሉ ይባላል። አክስቴ ቤት ላድር ነው።

ጥቅምት 15፣ ጠዋት

እንቅልፍ የሚባል አላየሁም። ውሻ በጮኸ ቁጥር ብድግ። ቪዲዮው ቢያዝ የምጠፋው እኔ ብቻ መቼ ሆንኩ፤ የሁሉም ፊት አለበት። የልጁ ስም አለበት። ልኬ ላጥፋው ብል ኔትወርክ የለም። ቢኖርስ? አዲስ አበባ ደርሶ ማን እጅ ይገባል?

አጠፋሁት።

ከ/ሰዓት፣ ፍ/ሰላም

ኬላው ላይ መታወቂያ ብቻ አዩ። ስልኬን የጠየቀኝ የለም። ኤዲያ! በከንቱ ነው ያጠፋሁት። ተቀምጬ ግድግዳ አያለሁ።

ጥቅምት 18

ኔትወርክ ተመለሰ። እማማ ጥሩ በጎረቤታቸው ስልክ ደወሉ። "ልጄ፣ ሰሙት ወይ?" አሉኝ። እነማን? አልኩ። እነዚያ አዲስ አበባ ያሉት ትልልቅ ሰዎች፤ ልጄን አፈላልገው ወደ ቤትህ ግባ ይሉልኛል ብዬ እኮ ነው አፌን የከፈትኩት አሉ።

ወይኔ! እኔው ነኝ እኮ። ስቀርጽ ትልልቅ ሰዎች ያዩታል ብዬ የነገርኳቸው እኔው። ደስ እንዲላቸው ብዬ።

ገና ነው ብዬ ዋሸሁ። መረቁኝ። አሜን ማለት አቃተኝ።

ጥቅምት 19

ለድርጅቱ ልጅ ቪዲዮ እንደማልልክ ነገርኩት። ዙሩ ያልፍሻል አለ። ይለፈኝ።

ቅዳሜ መንገዱ ክፍት ከሆነ እሄዳለሁ። ስልኬን ቤት ትቼ። ከእማማ ጥሩ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ አጠፋሁት፣ ማንም አልሰማዎትም እላቸዋለሁ። ዳግመኛ አፋቸውን ባይከፍቱስ?

ኬላውን አልፌዋለሁ። እሳቸውን ግን ፈራኋቸው።