ቢጫው ጄሪካን

ይድረስ ለወንድሜ ለዓምሃ፣

የቀጨኔው መድኃኔ ዓለም ባለህበት ይጠብቅህ። የጅጅጋው ሙቀት እንዴት ይዞሃል? እኛ ተመስገን፣ አለን።

ይህን በስልክ ያልነገርኩህ እማዬ ከአጠገቤ ስለማትጠፋ ነው። አባዬ ሕክምናውን ጀምሯል፤ ሕመሙ የጀመረባት የአንገቱ እብጠትም ቀነስ ብላለች። ካንሰሩን ያመጣበት አበባ እርሻ ሲሠራ ይረጨው የነበረው የአረም ማጥፊያ ነው ብለን ክስ መሥርተናል። ጠበቃው ለማስረጃ የመድኃኒቱን ዕቃ ፈልጉ ቢለን፣ አባዬ ወደ ኩሽና ጠቆመን። ለካ ውሃ በጠፋ ቁጥር የምንጠጣበትን ቢጫ ጄሪካን ያመጣው ከእርሻው ኖሯል! እማዬ «በኦሞ አጥቤዋለሁ እኮ» ብላ ቁጭ አለች። ጠበቃው «ከአባትሽ ሌላ የተጠቀመበት አለ?» ሲለኝ፣ የእማዬን ፊት አይቼ «የለም» አልኩት።

ልጅህ ናዝሬት አድጋልሃለች፤ ትምህርቷንም ይዛለች። ጠዋት ጠዋት ፀጉሯን የምሠራት እኔ ነኝ። ትናንት «አክስቴ፣ ፀጉሬን ትተሽ አንገቴን ምን ትዳብሺያለሽ?» አለችኝ። «ሹሩባው እንዳይጠብቅሽ ብዬ ነው» አልኳት።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለሃል። በሞቴ፣ እስከዚያ አትቆይ። ናፍቀሃታል።

እህትህ ሮሐ