ጅራቱ ያልወጣው ዓሣ

ለእህቴ ለእትዬ ሎርና፤

እንደምን ከረምሽ? ጤናሽስ እንዴት ነው? ወገብሽን የሚያምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? ሆስፒታሉ ዛሬም ሥራ ይደራርብብሻል? የኒውዚላንድ ብርድስ ጠናብሽ ወይስ ለመድሽው? እኔ በአካሌ ደህና ነኝ። ስለ አባባ ከታች የምታነቢው አለና አስቀድሜ ልንገርሽ፤ አባባ በሕይወት አሉ፣ ይናገራሉ፣ ሰውም ያውቃሉ። ይህን ይዘሽ አንብቢ።

እጮኛሽ ኮሊን በመጣ ማግስት በባለ ሦስት እግር ሞተሬ ጭኜ ከተማውን አዞርኩት። ሆዱ ስስ ነው፣ የማይስማማውን እንዳታበላብኝ ብለሽ ስለጻፍሽልኝ ፈራ ተባ እያልኩ ከወይዘሮ ቻሪንግ ሾርባ ቤት ጀመርን። ሴትዮዋ ገና ከበር ሲያዩን፣ «አንተ ሮዴል! ይሄን የሚያህል ሰው በዚያች ሞተር ጭነህ ጎማዋ አልፈነዳም?» ብለው ቤቱን ሁሉ አሳቁብን። ያ ወፍራም የፓስታ ሾርባ ከነጉበቱ እሳት ሆኖ ቀረበ። ቆይ ቀዝቀዝ ይበል ብለው አልሰማኝም፤ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ጨረሰና ድገሙኝ አለ። «ይሄማ የኛው ልጅ ነው፣ ቆዳው ብቻ ነው የነጣው!» አሉ ወይዘሮ ቻሪንግ፤ የሁለተኛውንም ሒሳብ አልተቀበሉንም።

በማግስቱ ከገበያው ጀርባ ባለችው ምግብ ቤት የአሳማ ደም ወጥ አዘዘ። ከምን እንደሚሠራ አልደበቅኩትም። ሳህኑን ትንሽ አየና በነጩ የሩዝ ዳቦ እያጠቀሰ በላው፤ ግንባሩ ላይ ላብ ችፍ ብሎ ነበር። ከዚያ ወዲያ የበሬ ቅልጥም መረቅ ቤት ወሰድኩት፤ አጥንቱን እያንኳኳ መቅኔውን ሲያወጣ አጠገባችን የነበሩት ከብት ነጋዴዎች ተነስተው አያያዙን አሳዩት። ያቺ ስስ ሆድ ያልሻት የት እንደገባች እንጃ።

ከሁሉ የባሰው ግን «እንብላ» ነው። መንገድ ዳር የሚበላ ሰው እንብላ ሲል ብሉ፣ ጠግቤያለሁ ብሎ ማለፍ ማን ያስተምረዋል? ድልድዩ ሥር ሩዝና ደረቅ ዓሣ የያዙ ግንበኞች እንብላ አሉት፤ እሱም አመስግኖ ቁጭ! ክው አልኩ። ግንበኞቹ እርስ በርስ ተያዩና አንዱ፣ «በሉ ጠጋ በሉ፣ ሰውየው የምሩን ነው!» ብሎ ከዓሣው ግማሹን ቆረሰለት። አንቺ ባስተማርሽው ስብርባሪ ቋንቋችን የልጆቻቸውን ስም ሁሉ ጠየቃቸው። በሦስተኛው ቀን በየሄድንበት «የሎርና ባል መጣ» ይሉን ጀመር።

ሰው በወደደው ቁጥር እኔን ይከፋኝ ነበር። እውነቱን ልንገርሽ ብዬ ነው ብዕር ያነሳሁት። ሆዱ እምቢ ብሎት፣ ይህን አገር አልችልም ብሎ የሚሄድ መስሎኝ ነበር። አንቺ ትመለሻለሽ፣ አባባን አብረን እንጦራለን፣ እኔም አንድ ቀን ጎጆ እቀልሳለሁ ብዬ ስድስት ዓመት ጠብቄያለሁ። እሱን ካገባሽ ቀረሽ ማለት ነው።

አባባ ደግሞ ነገሩን በወጉ ይሁን አሉ። «ሽማግሌ የሚሆነው ወላጅ ከሌለው ራሱ ምግቡን ይዞ ይምጣ፤ ማዕዱን ከበላሁለት ልጄን ሰጠሁት፣ ከመለስኩበት መለስኩት» አሉ። ኮሊን አባባ የሚወዱት ምን እንደሆነ ጠየቀኝ። እናታችን በሸክላ ድስት ታበስለው የነበረውን ዓሣ ነገርኩት። ገዝተን እንውሰድ ብለው አሻፈረኝ፣ በእጄ ካልሠራሁት አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ከገበያ ሦስት ዓሣ ገዛንና ጓሮ ተቀመጥን። ጎኑን መተልተሉን፣ ጨው ማሸቱን፣ በመዳፍ ተጭኖ ጠፍጣፋ ማድረጉን፣ በሙዝ ቅጠል መጠቅለሉን፣ ከድስቱ ሥር ጮማውንና ጎምዛዛውን ደረቅ ፍሬ መነስነሱን ሁሉ አሳየሁት። ጅራቱ ላይ ስደርስ አፌ ተለጎመ። ገና ጥሬ ሳለ ጅራቱን ሰብሮ ከነጅማቱ መዝዞ ማውጣትን እኛ ከእናታችን ጓዳ ነው የተማርነው፤ ያልወጣለት ዓሣ ራስ ያዞራል፣ ደም ያፈላል እየተባልን አይደል ያደግነው? እንደ አባባ ደም ግፊት ላለበት ሰው እንዲህ ያለ ዓሣ ማቅረብ ንቀት ነው። ረሳሁ ብዬ ጽፌልሽ ነበር፤ ወረቀቱን ቀድጄ እንደገና ጀመርኩ። አልረሳሁም። አባባ ጅራቱን አይተው ድስቱን ይመልሳሉ፣ ነገሩም በዚያው ያበቃል አልኩ። ይበሉታል ብዬ ግን፣ በእናታችን አጥንት፣ አላሰብኩም።

ማታ ለእራት ዶሮና ሩዝ አቀረብኩ፤ ኮሊንም ድስቱን በሁለት እጁ ይዞ ገባ። አባባ ቅጠሉን ገለጡና ጅራቱን በጣታቸው ነካ አደረጉት። አልተነቃነቀም። ከዚያ ቀና ብለው ያዩት እሱን አልነበረም፤ እኔን ነው። «ማነው ያስተማረህ?» አሉት። እሱም ደስ ብሎት፣ «ሮዴል ነው አባባ፤ አንድም ነገር አልደበቀኝም» አለ። ወንበሩ ሥር ብገባ በወደድኩ። አባባ አንዱን ዓሣ ወደ ሳህናቸው አወጡ። እኔ ተንተባትቤ፣ «አባባ ይቅርብዎ፣ ጨው በዝቶበታል» ብል፣ «አንተ ዝም ብለህ ሩዝህን ብላ» አሉኝ። የመጀመሪያውን ጨርሰው ሁለተኛውን ደገሙ፤ ሦስተኛውንም ወደ ራሳቸው አስጠጉትና፣ «ለእንግዳ ዶሮ ነው የሚገባው፣ ይሄ የኔ ነው» ብለው ለኮሊን ዶሮውን ገፉለት። ሲጨርሱ እጃቸውን ትከሻው ላይ አሳርፈው፣ «ታኅሣሥ ላይ ይዘሃት ና፤ እዚሁ እድራችኋለሁ» አሉት። ሰውየው እንደ ልጅ አለቀሰ።

ኮሊን ምርቃቱን ይዞ ሊተኛ ሲገባ እኔ ሳህን ማጠቢያው ጋ ቀረሁ። አባባ መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ድስቱን ብመልሰው ኖሮ የእህትህን ቤት ያፈረስከው አንተ ትሆን ነበር። ልጄ ይህን ተሸክሞ እንዲኖር አልፈልግም። ስለዚህ በላሁት» አሉኝ። ቢመቱኝ ይሻለኝ ነበር።

እሑድ ፊታቸው በርበሬ መስሎ፣ ልባቸው እየደለቀ፣ ቤቱ ዞረብኝ እያሉ ነቁ። የቀበሌው ጤና ረዳት መጥታ ብትለካቸው የደም ግፊታቸው የላይኛው ቁጥር መቶ ሰማንያ ገባ። ዓሣው ይሁን፣ ጨው ይሁን፣ ዕድሜ ይሁን አላውቅም፣ ብቻ ክኒናቸውን እንዳያስታጉሉ አለችኝ። ዛሬ ጠዋት ትንሽ ወርዷል፤ ሦስት ማንኪያ የሩዝ ገንፎ ቀምሰዋል። እኔ ግን ባስነጠሱ ቁጥር ልቤ ይወልቃል። መታመሜን ለሎርና እንዳትጽፍ ብለውኛል፤ ይኸው ጻፍኩ። እስከ ታኅሣሥ አትጠብቂ፣ ከቻልሽ አሁን ነይ። ከኔ ጋር አባባን ለመጦር አይደለም፤ እሱን ተይው። አባባን እዪያቸው ብዬ ነው።

አብራሽ ለምትኖረው ለጓደኛሽ ለኢዲታ፣ ብርድ ልብስ ለሰጠችሽ ለአከራይሽ፣ በቤተ ክርስቲያን ለሚያገኙሽ ላገራችን ልጆች ሁሉ ሰላምታዬን አድርሺልኝ። አባባ እጅ ነስቻለሁ በልልኝ ብለዋል። ለኮሊን ግን ሰላምታ አልልክም። ይህን ስጽፍ ከአባባ አልጋ ጎን ተቀምጦ በካርቶን እያራገበላቸው ነው። ቅድም ወጣ ብሎ፣ «ሮዴል፣ ጨው ያበዛሁት እኔ ነኝ?» ብሎ ጠየቀኝ። አይደለህም አልኩት፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን መናገር አቃተኝ። ነገ ሲሄድ ደብዳቤውን በደረት ኪሱ ይዞልሽ ይመጣል። ጥቂት ቃል ቢናገርም ይህን ያህል አንብቦ አይረዳም፤ ስለሱ ደህና ነገር የጻፍኩልሽ ይመስለዋል። አንብበሽ ቀና ስትዪ ፊትሽ ቆሞ፣ ወንድምሽ ምን አለ ይልሻል። ሁሉንም ንገሪው።

ወንድምሽ ሮዴል
ሌመሪ፣ ባታንጋስ
ሰኞ፣ ጁላይ 8 ቀን 1996 እ.ኤ.አ.