የአማትሽ እጅና ያንቺ አንጓ

ልጄ፣ እጅሽ ይባረክ፤ ሕመሙን ያርቅልሽ። እኛ ደህና ነን፤ አባትሽም የደጁን በር እጠግናለሁ ብሎ ጭራሽ ገነጠለው።

ፀጉር ስትሠሪ እየዋልሽ የእጅሽ አንጓ ቢያብጥ፣ አማትሽ በዘይት አሹሽ፤ «እጃቸው መድኃኒት ነው» አልሽኝ። እግዜር ይስጣቸው! እኔስ ዕድሜ ልኬን መቀስ የጨበጥኩ ልብስ ሰፊ አይደለሁም? በሥራ ብዛት ያበጠ እጅ በኃይል አይታሽም፤ ይረፍ፣ በረዶ ይያዝበት፣ ቀለል ሲልሽ ቀስ እያልሽ አፍታቺው። ካልተሻለሽ ሐኪም ይየው።

ቀናሽ በዪኝ፤ አዎ፣ ቀንቻለሁ። አውራ ጣትሽ ሥር ሲነኩሽ እንደሚኮረኩርሽ ንገሪያቸው፤ እዚያ ሲደርሱ ዳበስ ብቻ ያድርጉሽ። ይህን እስከዛሬ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ጤናሽ ይብዛልኝ። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ፤ አሞሽ «እማዬ!» ስትዪ፣ እሳቸው አቤት እንዳይሉ።