የተረተርኩት ስም

ውድ ኑሪ፣

ይህ ደብዳቤ ይድረስህ አይድረስህ አላውቅም። ከጅቡቲ ጨርቅ የሚያመላልሰው ዐብዱላሂ ባለፈው ሳምንት ሱቁ ስገባ፣ «ወደቡ አካባቢ ኑሪ አብዱሰመድ የሚባል የድሬ ሰው አለ። ፀጉሩ ሸብቷል፤ ሲራመድ ግን ሰልፍ ላይ ያለ ነው የሚመስለው» አለኝ። ልገዛ የሄድኩትን ክር ረስቼ ወጣሁ። አንተ ካልሆንክ ማን ይሆናል?

እኔ አሁንም ከዚራ ሰፈር፣ እዚያው ቤት ነኝ። አባባ ካረፈ ሁለት ዓመት ሆነው። ምሳ ለአንድ ሰው መሥራት እስካሁን አልሆነልኝም፤ ሁልጊዜ ይተርፋል። ቀን ቀን እሰፋለሁ። የሰፋሁትን ባለቤቱ መጥቶ ይወስደዋል፣ «እጅሽ ይባረክ» ይለኛል፣ ከዚያ በሩ ይዘጋል። አላገባሁም። ለምን ብለው የሚጠይቁኝም ሰልችቷቸው ትተውኛል።

የከበሮና የጡሩምባ ሰልፍ ጓዳችን ቅዳሜ ዕለት አምሳኛ ዓመቱን አከበረ። በአንተ ጊዜ ስልሳ ነበራችሁ፤ አሁን አሥራ ዘጠኝ ናቸው፤ ከሁለቱ ጡሩምባዎች አንዱ ድምፁ ከወጣ እሰየው ነው። ሰንደቁ ግን አለ። ያው አረንጓዴው ከፋይ፣ በወርቃማ ሙካሽ ክር የተጠለፈው ከበሮ፣ ከከበሮው በታች የተጣፈው እራፊ። ስለዚያ እራፊ አሁን ምን እንደሚባል ታውቃለህ? በጎርፉ ጊዜ ሰንደቅ ያዡ ጣሪያ ላይ ይዞት ሲወጣ ቆርቆሮ ቀደደው ይባላል። ማን እንደጀመረው አላውቅም። የጓዱ ጸሐፊ ሂሻም ደግሞ በወረቀት አሳትሞታል። ጎርፉ የመጣው አንተ ከሄድክ ከሰባት ዓመት በኋላ መሆኑን የሚያስታውስ ከእኔ በቀር ማንም አልቀረም። እንግዲህ የሰንደቁን ታሪክ ለሕዝቡ እንድናገር የጠሩት እኔኑ ነው።

ኑሪ፣ ያን ቀትር አትረሳውም። በደንባችን ሰንደቁ ከያዡ ቤት ወደ ሰልፍ እንጂ ወደ ሌላ ሰው ቤት አይገባም ነበር። ያኔ ያዡ አንተ ነህ፤ ዘርፉ ቢበጠስብህ፣ የሚያዝያ ሃያ ሦስቱ በዓል ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከተማው በሙቀት ተኝቶ ሳለ በጋዜጣ ጠቅልለህ አመጣህልኝ። «ሸዋዬ፣ ዘርፉን ብቻ። ሌላ ነገር እንዳትነኪ አቦ!» አልከኝ። እኔ መቼ የተባልኩትን ሰምቼ አውቃለሁ? ከፋይ በካውያ እንደማይነካ የልብስ ሰፊ ልጅ ሆኜ እያወቅሁ፣ አንተ ውኃ ልትጠጣ ስትወጣ ነካሁት። እንዲያምርልህ ብዬ ነው። ለጓዱ አልነበረም፤ ለአንተ ነበር። ይህን ልነግርህ ሃያ ስድስት ዓመት ፈጀብኝ።

መዳፍ የሚያህል ቀዳዳ ሆነ። አልጮህክብኝም። ጠቅልለህ ይዘኸው ሄድክ።

በማግሥቱ ፍተሻ ላይ አባባ ሰንደቁን ሲዘረጋው እኔ የደንብ ልብስ ላስረክብ ከጎኑ ቆሜ ነበር። የጓዱ አለቃ እሱ፣ እኔ ልጁ። «ምንድን ነው ይሄ?» ሲል አፌን ከፈትኩ። አንተ ቀደምከኝ። «ሲጋራ ነው፣ ጋሽ ኃይለጊዮርጊስ። ጥፋቱ የኔ ነው» አልክ። አንተ እንኳን ልታጨስ፣ አጫሽ አጠገብ ስትቆም የምታስል ሰው! እኔም ደስ ብሎኝ አፌን ዘጋሁ። «ደስ ብሎኝ» የሚለውን ሦስት ጊዜ ሰርዤ መልሼ ጻፍኩት፤ እውነቱ እሱ ስለሆነ።

ከዚያ አባባ ወደ እኔ ዞሮ «ስሙን ከሰንደቁ አውጪው» አለኝ።

ዘንጉ በሚገባበት እጥፋት ውስጥ የያዦቹን ስም በተራ የምንጠልፈው እናቴና እኔ አልነበርን? ያንተ ሰባተኛው ነበር፤ በእጄ የጠለፍኩት የመጀመሪያው ስምም እሱ ነው። በምላጭ አንድ በአንድ ተረተርኩት። ክሩን አልጣልኩትም፤ ከቦርሳዬ የማይለየው መርፌ ማስቀመጫዬ ውስጥ ኖረ።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ እሱን ለማንም አልተናገርኩም። ሰንደቅ ያዥ ሲያልፍ እናቱ ብትጠራው እንኳ አይዞርም። አንተም ስንት ዓመት በመስኮቴ ስር ስታልፍ ዞረህ አላየኸኝም። ከጓዱ ተባርረህ ወደ ባቡር ጣቢያ ሻንጣህን ይዘህ በሄድክ ቀን ግን ቆምክና ቀና ብለህ አየኸኝ። እኔ መጋረጃውን ሳብኩት። አፍሬ ነው። አንተ ግን ምን መስሎህ እንደሄድክ እያሰብኩ አርጅቻለሁ። ዝም አይነቅዝም ይላሉ፤ ይነቅዛል ኑሪ፣ እኔ አይቼዋለሁ።

ቅዳሜ ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡኝ ሂሻም የጻፈልኝን ወረቀት አጠፍኩና፣ «ጎርፍ አይደለም። ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ በካውያ። ሰው በእኔ ጥፋት ከዚህ ከተማ ወጥቷል» አልኩ። ሂሻም፣ «ኧረ እትዬ ሸዋ፣ ወረቀቱ እኮ ታትሟል!» ሲል ሰዉ ሳቀ። እኔም ከሳቁት አንዷ ነኝ፤ እያለቀስኩ።

ኡባህ ብቻ አልሳቀችም። ኡባህ የአሁኗ ሰንደቅ ያዥ ናት፤ ኢንዱስትሪ ፓርክ የምትሠራ ቀጭን ልጅ። መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። «ዘንጉን ሳወጣ ከስድስተኛው ቀጥሎ ባዶ ቦታ አይ ነበር። ወላሂ፣ ብል የበላው መስሎኝ ነበር። ስሙ ማን ነው?» አለችኝ።

«ኑሪ» አልኳት። በአደባባይ ስምህን ከጠራሁ ስንት ዘመኔ!

ዘንጉን አወጣችና ሰንደቁን ጉልበቴ ላይ ዘረጋችው። ደንቡን የሚያስታውስ ቢኖር ይጮህ ነበር። መነጽሬን አድርጌ ባዶውን ቦታ በጣቴ ዳሰስኩት። መርፌው የገባባቸው ቀዳዳዎች እንዳሉ ናቸው። አዲስ መውጋት አላስፈለገኝም፤ የድሮውን ክር በየቀዳዳው መለስኩት። መጨረሻ ላይ ትንሽ አጥሮኝ በጥቁር ክር ጨረስኩት፤ ስታየው እንዳትስቅብኝ።

ና አልልህም። የራስህ ቤት፣ የራስህ ሰው ይኖርሃል። ቂም ይዘህብኝ ከሆነም ያዝ፤ መብትህ ነው። ግን ሚያዝያ ሃያ ሦስት ጓዱ በእኛ መንገድ ያልፋል። የኡባህ እጅ ስምህ ላይ ይሆናል፤ እሷም እንደ ደንቡ ወደ ጎን አታይም። መስኮቱ ላይ መጋረጃ የለም። ዛሬ ጠዋት አውርጄዋለሁ።

ሰንደቁን ያቃጠልኩት እኔ፣
ሸዋገነት ኃይለጊዮርጊስ
ድሬ ዳዋ